ተነሺዎቹ ተቀመጥን

ሌላው ሰው ከገጠር ወደ ከተማ ሲገባ ዕቃውን ጠቅልሎ፣ ከዘመድ ተሰናብቶ፣ ከመናኸሪያ መናኸሪያ ተንከራትቶ ነው። እኛ በተቀመጥንበት ገባን። ማታ ገበሬ ሆነን ተኝተን ጠዋት የከተማ ነዋሪ ሆነን ነቃን፤ በመካከሉ የተደረገ ነገር ቢኖር አንድ ስብሰባና አንድ ረጅም ጭብጨባ ነው። ያጨበጨብነውም መብራት ይገባላችኋል ስለተባልን ነበር። መብራቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከተማው ግን እንደ መጣ ቀረ።

እናንተም ከተማ መጥቶባችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ የሚያፈርሰው ስም ነው። አያቶቻችን ስም አውጥተውለት የኖረው መንደራችን፣ ባጃጆች ጫፉ ላይ ስለሚዞሩ ብቻ፣ ዛሬ "ማዞሪያ" ይባላል። ወደ ታችኛው ከተማ ወደ ሲቀላ ብትወርዱ "ማዞሪያ፣ አንድ ሰው! የሞላ!" ሲሉ ትሰማላችሁ። የሙዝ ማሳችን "የማስፋፊያ ቦታ" ሆነ። ፍየሎቻችን የከተማ ገጽታ የሚያበላሹ ሆኑ። እኛ ራሳችን ደግሞ "የልማት ተነሺዎች" ተባልን። ተነሺ! ከመቀመጫችን ንቅንቅ ሳንል፣ ወዴት እንደሆነም ማንም ሳይነግረን፣ ወረቀት ላይ ተነሥተን ቆምን። እኔ በበኩሌ ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር ወገቤን ያመኛል።

ምስጋና ቢስ ነው እንዳትሉኝ። የዚሁ መንደር ልጅ ነኝ፣ አስተማሪ ነኝ፣ አስፋልቱንም እወደዋለሁ። እናቴ የታመመች ጊዜ በቃሬዛ ተሸክመናት ስንሄድ ትከሻዬ ተልጦ ነበር፤ አሁን ባጃጅ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። ይህን የሚጠላ ሰው ካለ፣ እሱ ሰው ተሸክሞ አያውቅም ማለት ነው። ማሳው ሲሄድም አንጀቴ እያረረ ዝም ብያለሁ። ማሳቸው ያልተነካ የላንቴ ዘመዶቼ የሙዝ ዘለላ ጭነው ሲያልፉ ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ። አንድ ነገር ሲነካ ግን ዝም ማለት አቃተኝ፤ ዱቡሻው።

ዱቡሻ ለማታውቁት፣ የጋሞ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጉዳይ የሚያዩበት ሜዳ ነው። የኛው አንድ ዋርካ፣ ትንሽ ሣር፣ ጥቂት የመቀመጫ ድንጋይ፣ በቃ። የወሰን ጠብ፣ የደም ጉዳይ፣ የባልና የሚስት ኩርፊያ የሚፈታው እዚያ ነው። የእኔና የባለቤቴ የአስቴር ቤተሰቦች በወሰን ተጣልተው እሳት እንኳ አይጫጫሩም ነበር። እዚያ ሣር ላይ ባይታረቁ ኖሮ እሷም የሌላ ሰው ሚስት፣ እኔም ቆሞ ቀር ነበርኩ። እርሻው ሁሉ ተሸንሽኖ ካለቀ በኋላ የሁላችንም ነው የምንለው መሬት እሱ ብቻ ቀረን። እሱም ከሄደ ጎረቤትነታችን ይቀርና አጥር የምንዋሰን ሰዎች ብቻ እንሆናለን።

በአዲሱ ፕላን ላይ ታዲያ ዱቡሻው "ክፍት ቦታ" ተብሎ መጣ። ክፍት ከሆነ ይዘጋል እንግዲህ! አባያ ሐይቅ ፊት ለፊት ስለሚታይ ሎጅ ለሚሠራ ባለሀብት ሊሰጥ ነው ተባለ። ይህን ሊነግረን የመጣው የፕላን ባለሙያ ከላይኛው ከተማ ከሴቻ ነው፤ ወጣት፣ ትሑት፣ ባለ ኮፍያ፣ አማርኛው የዜና አንባቢ አማርኛ። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይቀለን ነበር።

ስብሰባውን አዳራሽ ውስጥ ቢጠራው ኖሮ እንደ ልማዳችን አጨብጭበን እንወጣ ነበር። አዳራሹ ይሞቃል ብሎ ዋርካው ሥር ጠራን። ይባስ ብሎ፣ የስብሰባ ወግ ነውና፣ "አባቶች በምርቃት ይክፈቱልን" አለ። ወይ ጉድ! የሽማግሌዎቻችን ታላቅ ጋሽ ጮሻ እኔን አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ቀስ ብለው ተነሥተው ረጅም ምርቃት መረቁ፣ እኛም አሜን እያልን ሣሩ ላይ ተደላድለን ተቀመጥን። ልጁ ስብሰባ የከፈተ መስሎታል፤ ለካ በምርቃቱ ዱቡሻ መክፈቱ ነው።

ዱቡሻ ከተከፈተ ደግሞ የሚናገር ሰው አይቋረጥም። መናገር የፈለገ ሁሉ ይናገራል። እጅ ተቆጥሮ አይወሰንም፤ ሁሉም እስኪስማማ ይወራል፣ ዛሬ ካላለቀ ሌላ ቀን ይቀጥላል። ጉዳዩ እስኪዘጋም የተጣሉበትን መሬት ዶማም ሆነ ግሬደር አይነካውም።

አስተርጓሚ እኔ ሆንኩ። ጋሽ ጮሻ አማርኛ አይችሉም እንዴ ትሉኝ ይሆናል። እንዴት አይችሉም! ወጣትነታቸውን ወታደር ቤት የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ሲናደዱ በአማርኛ ነው የሚሳደቡት። ግን ዱቡሻ በጋሞኛ ነው፤ ትርጉም ደግሞ ጊዜ ይበላል፣ ጊዜ እንደሆነ እርሻችን ከተወሰደ ወዲህ እንደ ልባችን ነው። መጀመሪያ ያስቸገረኝ ያው "ክፍት ቦታ" ነበር። ጋሞኛ ቢያጥረኝ "ባዶ መሬት ነው ይላል" አልኳቸው። "ባዶ?" አሉ ጋሽ ጮሻ፣ ግራና ቀኝ የተቀመጠውን ሰው እያዩ። "እኛ ምንድን ነን ታዲያ?" ባለሙያው ቃሉ ቴክኒካዊ ነው ብሎ ማብራራት ጀመረ። ቴክኒካዊ የሚለውን ሳስተረጉም ምሳ ሰዓት ሆነ።

ከምሳ በኋላ "ሰዓት ስላጠረን ሦስት አስተያየት ብቻ እንውሰድ" አለን። ሳቅን። ድሮ ሴት እዚያ ሜዳ ላይ አትናገርም ነበር፤ ከተማነት ካመጣልን ደግ ነገር አንዱ ይኸው ነው፣ አስቴር ተነሣች።

"ፕላኑን የሣለው ሰው እዚህ ቆሞ ያውቃል?"

"በሳተላይት ነው የታየው፣ እኅቴ።"

"እንግዲያው ሳተላይቱ ሲያልፍ ምሳ ሄደን ነበር። ይኸው ተመልሰናል" ብላ ቁጭ አለች። ከዚያ ወዲያ መንደሩ በሙሉ ተራ ያዘ።

ሲመሽ ልጁ "በአብላጫ ድምፅ ዘግተናል" ብሎ ወረቀቱን አጠፈ። ንቅንቅ ያለ የለም። "ልጄ፣ የከፈትከው አንተ ነህ፤ የምንዘጋው ግን ሁላችን ነን" አሉት ጋሽ ጮሻ። ይህችን ደስ እያለኝ አስተረጎምኩ።

እንዲህ እያልን ሳምንታት ሄዱ። አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። የመንግሥት ደመወዝተኛ ነኝ፤ "ፀረ ልማት" የምትባለዋ ቃል ደግሞ ስንቱን ከእንጀራው አፈናቅላለች። አንድ ጠዋት ሆዴን አመመኝ ብዬ ልቀር ስል አስቴር "ቅር፣ እኔ አስተረጉማለሁ" አለችኝ። ሆዴ ወዲያው ተሻለው። ደግሞም ምን አጠፋሁ? ማሳዬን ሰጥቻለሁ፣ የመንደሬን ስም ሰጥቻለሁ። የታረቅንበትንማ አልሰጥም! እዚያች ጠዋት ይህን ለራሴ ጮክ ብዬ ነገርኩት።

ያን ዕለት ግሬደሩ መጣ። ሴቶቹ ፊት፣ ሽማግሌዎቹ መሐል፣ እኛ ከኋላ ተቀምጠን ጠበቅነው። መሬቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሾፌሩ የጨንቻ፣ የደጋው ጋሞ ሰው ኖሯል። ከላይ ሆኖ አየን፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ። "ጉዳይ ተይዟል እንዴ?" ሲል በጋሞኛ ጠየቀ። ተይዟል አልነው። "ታዲያ እኔ ምን አግብቶኝ!" ብሎ ከዳር ተቀመጠ፤ ሴቶቹ የቀቀሉትንም የበቆሎ ኩርኩፋ በሽፈራው ቅጠል አብሮን በላ። እኔ ዕንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም።

ከዚያ በኋላ ነው ባለሙያው አንድ ቀን ኮፍያ ሳያደርግ፣ ካርታ ሳይዝ፣ ብቻውን የመጣው። ጋሽ ጮሻ ፊት ቆመ። ከታላቅ ወንድሙ ጋር በአባታቸው ቤት ውርስ ተጣልተው አይነጋገሩም፤ ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ነው፤ እናታቸው ታማ "ሳትታረቁ እንዳትቀብሩኝ" ብላለች። ወንድምየው ደግሞ ማንንም አልሰማም ካለ በኋላ፣ ያን ሁሉ ሳምንት ንቅንቅ ያላሉት የማዞሪያ ሽማግሌዎች ካዩት እቀበላለሁ ብሏል። ልጁ ይህን ሲናገር ድምፁ ተቆራረጠ።

የተናገረውም በጋሞኛ ነው። ያውም ምን የመሰለ የደጋ ጋሞኛ! እኔ ልማድ ሆኖብኝ ለማስተርጎም አፌን ከፍቼ ነበር፤ እንደ ከፈትኩት ቀረሁ።

"ልጄ፣ ታዲያ መምህሩን ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አደከምከው?" አሉት ጋሽ ጮሻ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

ልጁ እሳቸውን አየ፣ እሳቸው እሱን አዩ፣ ሁለቱም እኔን አዩ። ጉሮሮዬ እስኪነቃ ያስተረጎምኩት ለማን ኖሯል በሉኝ! ልጁ የቢሮ ሰው ነኝና በጋሞኛ ብናገር አልከበርም ብሎ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ምክንያታቸውን ነግሬአችኋለሁ።

"ጉዳይህን እናያለን" አሉ ጋሽ ጮሻ። "ግን እዚህ ሜዳ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። ያልተዘጋው ደግሞ ያንተው ነው።"

ልጁ ዋርካውን ቀና ብሎ አየ፣ ሣሩን አየ። ከዚያ ሁላችንም እየሰማን ሎጁን እንደ ተወው፣ ቦታው "የሕዝብ መሰብሰቢያ" ተብሎ በፕላኑ እንዲታረም ለአለቆቹ እንደሚጽፍ በእናቱ ቋንቋ ተናገረ። ተስማማን፣ ተመረቀ፣ ተዘጋ። የወንድማማቾቹ ጉዳይ በማግሥቱ ተከፈተ። እናቲቱ በባጃጅ መጥተው ጥላው ሥር ተቀመጡ፤ ልጆቻቸው ሲተቃቀፉም ከሁላችን ቀድመው እልል ያሉት እሳቸው ናቸው።

እርማቱ እስከ ዛሬ "በሂደት ላይ" ነው። ልጁ ተዛውሯል። በምትኩ የመጣው ባለሙያ ሐይቁ የሚታይበትን ቦታ እየጠየቀ ነው፣ ጋሞኛ የሚባልም ከነጭራሹ አይሰማም ይላሉ። ይምጣ። ጥላ አለን፣ መራቂም አለን። ለቋንቋው አያስብ፤ እኔ አለሁለት፣ ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል አስተረጉምለታለሁ።