ኬሚስትሪ፦ ከዘጠኝ አምስት

ሰው ልጃችሁን ሲያመሰግን ምን ትላላችሁ? እኔ ልንገራችሁ። «ኧረ ተወኝ እባክህ፣ ምኗ ጎበዝ ነው! እንቅልፋም ናት እንጂ» ትላላችሁ፤ ሆዳችሁ ግን ቅቤ ይጠጣል። ቡዳ ፈርተን ይሁን፣ የራስን ማወደስ ነውር ነው ተብለን አድገን፣ እንጃ! ብቻ ምስጋና ሲመጣብን እንደ ዝንብ እሽ እንለዋለን። እኔ ስዊድን ሃያ ሁለት ዓመት ስኖር ይህን አልተውኩም። ስዊድኖቹም ራሱን የሚክብ ሰው ስለማይወዱ፣ የሚያስተወኝ አላገኘሁም።

ሜላት የታናሽ እህቴ ልጅ ናት። ለንደን ተወልዳ ያደገች፣ ፓስፖርቷም አነጋገሯም እንግሊዛዊ የሆነ። እናቷ ለሥራ ስቶክሆልም ስትዛወር ሁለቱም ከከተማው ዳር ብሬዴንግ ያለው እኔ ቤት ገቡ፣ የኪራይ ቤት ወረፋ እስኪደርሳቸው ተብሎ። ይኸው ሁለት ዓመታቸው። ልጅቷ ታዲያ አሜሪካ ካልተማርኩ አለች፤ ያውም በር ላይ ሕዝብ አሰልፈው ጥቂቱን ብቻ ከሚያስገቡት ዩኒቨርሲቲዎች። እንግሊዝ አገር ገና በጠዋቱ አንድ ትምህርት መርጠሽ እሱን ብቻ ተማሪ ይሏታል፤ እሷ ደግሞ ታሪክም ኮምፒዩተርም ትፈልጋለች። ከልቧ ነበር የፈለገችው። ችግሩ፣ ለንደን ሳለች በወሰደችው ፈተና ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ኬሚስትሪ ላይ ከዘጠኝ አምስት አምጥታለች።

«ጋሼ፣ እነሱ ውጤት ብቻ አያዩም፤ ሰውየውን ነው የሚያዩት» አለችኝ።

«እሱ ነው የባሰው!» አልኳት።

ዩኒቨርሲቲዎቹ እዚሁ ከተማ የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን እየላኩ አመልካቹን ያነጋግራሉ። የመጀመሪያዋ አንዲት ደርባባ አሜሪካዊት ነበረች፣ ቀጠሮው መሃል ከተማ አንድ ካፌ። ሜላትን በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ አደረስኳትና ሦስት ጠረጴዛ ርቄ ቡና ይዤ ተቀመጥኩ። ልጅቷ በእጇ ጭምር ስታወራ አያለሁ፤ ሴትዮዋ ትስቃለች። ደስ አለኝ። ሲጨርሱ ሴትዮዋ ልትሰናበተኝ መጣችና «እንዴት ያለች ድንቅ ልጅ አለችዎት!» አለችኝ።

«ኧረ ምኗ ይደነቃል!» አልኩ። «ኬሚስትሪ እኮ ከዘጠኝ አምስት ነው ያመጣችው። አልጋዋንም አታነጥፍም።»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ሁለቱም ደርሶብኛል።

የሜላት ፊት ደም መሰለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጅቷ ግን ቀና አለችና፣ «እውነቱን ነው። ኬሚስትሪ አልወድም ነበር፣ አላጠናሁም። በኋላ አፍሬ ደግሜ ተፈተንኩ» አለች።

«ስንት አገኘሽ?» አለቻት ሴትዮዋ።

«ስድስት።»

ሴትዮዋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ተመልሳ ተቀመጠች፣ ቡና ተደገመ። ድክመታችሁ ምንድን ነው ስትላቸው ሌሎቹ አመልካቾች በሙሉ «ከመጠን በላይ መትጋቴ» እያሉ አሰልችተዋት ኖሯል።

እስከ ብሬዴንግ ድረስ ሜላት አላናገረችኝም። ማርያምን፣ ሳላስበው ያመለጠኝ ነው ብዬ ለመንኳት። በሁለተኛው ሳምንት ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ቀጠሮ ሲመጣ ግን ራሷ «ጋሼ፣ ትመጣለህ አይደል?» አለችኝ።

«ደግሞ ላበላሽብሽ?»

«አይ፣ እንደ ባለፈው ትንሽ ስደበኝ።»

በጄ አልኩ። ሜርስታ ባለው የምሠራበት መጋዘን ካርቶን እየደረደርኩ ሙሉ ሳምንት ጉድለቷን ስለቅም ሰነበትኩ። ስልክ ላይ እንደተተከለች ትውላለች። ሽንኩርት ታሳርራለች። ጃንጥላዬን ሁለቴ ጥላብኛለች። እንዲህ ተዘጋጅቼ ፈተና ገብቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ሰውዬ ሸምገል ያሉ፣ ዝምተኛ ነበሩ። ሲጨርሱ ወደ እኔ መጡና «እርስዎስ ስለ ልጅቷ ምን ይላሉ?» አሉኝ። አፌን ከፈትኩ። ሜላት ጃኬቷን ለብሳ፣ ስድቧን እየጠበቀች ቆማለች። ድንገት ያ ወገቤ የተያዘበት ክረምት ትዝ አለኝ። ጎንበስ ማለት አቅቶኝ ሳለ በየጠዋቱ ካልሲዬን አጥልቃልኝ ነበር ትምህርት ቤት የምትሄደው፤ ለእናትሽ እንዳትነግሪ ስላልኳትም አልተናገረችም። ሽንኩርቱም ጃንጥላውም ከአፌ ጠፋ።

«ጎበዝ ናት» አልኩ። «እንደሷ ያለ ልጅ አላየሁም።» እንባዬም መጣ፣ ምን ልደብቃችሁ።

ሰውዬው በትህትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ምንም አልጻፉም።

«ጋሼ! ምን ነካህ? አበላሸኸው እኮ!» አለችኝ ውጭ ስንወጣ። አለች እንጂ፣ እስከ ባቡሩ ድረስ ክንዴን አልለቀቀችም።

መልሱ በጸደይ መጣ። ያመሰገንኳት ዩኒቨርሲቲ «እናዝናለን» አለ። የሰደብኳት ተቀበላት። እህቴ እልል ስትል ጎረቤት በር አንኳኳ።

እንግዲህ በነሐሴ ትሄዳለች። ኤርፖርት የምሸኛትም እኔ ነኝ። እዚያ ቆሜ ምን ብዬ እንደምሰድባት ነው ከአሁኑ የጨነቀኝ።