ጋሽ ቆይ እና ክፉ ቀን

በየቤተሰቡ አንድ ጋሽ ቆይ አለ። እኛ ቤት የለም የሚል ካለ፣ በደንብ አልቆጠረም፤ ወይ ራሱ ነው።

የዚህኛው ጋሽ ቆይ ትክክለኛ ስም ማን እንደሆነ ታናሽ እህቱ እንኳ ስትጠየቅ ትንሽ ማሰብ አለባት። ሰውየው የሚያውቀው ግስ አንድ ብቻ ነው። ለወንድ "ቆይ"፣ ለሴት "ቆዪ"፣ ለብዙ ሰው "ቆዩ" እያለ ያረባዋል፤ ለከብትም እንደየጾታው። ለእህቱ ሠርግ አዲስ ጫማ ገዝቶ፣ "ቆይ፣ የተሻለ ቀን ይመጣል" ብሎ በአሮጌው ሄደ። ከሠርጓ የተሻለው ቀን የትኛው እንደሆነ እህቱ እስከ ዛሬ ትጠይቃለች። ጥርሱን ሲያመው "ቆይ፣ ራሱ ይወድቃል" አለ። እውነትም ራሱ ወደቀ፣ ጎረቤቱን ጥርስ አስከትሎ።

ይሄ ሁሉ ያስቃል። ከብት ሲነካ ግን አያስቅም።

እሱና እህቱ ከአባታቸው የወረሱትን መንጋና የግጦሽ መሬት ሳይከፋፈሉ አብረው ይይዛሉ። መሬቱ በእሾህ አጥር ተሸንሽኗል፤ አንዱ ሲጋጥ ሌላው እያረፈ በየተራ ይከፈታል። ዳር ላይ ያለው አንድ ሽንሽን ግን አይነካም። ስሙ ክፉ ቀን ነው። ስሙን ያወጡለት አባታቸው ናቸው፤ ለክፉ ቀን ይቀመጥ ብለው። ጋሽ ቆይ ለዚህ ሽንሽን የእንጨት በር ሠርቶ፣ በሩ ላይ ቁልፍ አንጠልጥሎ፣ መክፈቻውን በክር አንገቱ ላይ አሰረ። የእሾህ አጥር በቁልፍ! መንገደኛው ሁሉ እያየ ይስቅ ነበር፤ ያኔ ገና ይዘንብ ነበርና።

ዝናቡ አንዴ ቀረ። ቆይ ተባለ። ደግሞ ቀረ።

ኩሬው ጭቃ ሆነ፣ ጭቃውም ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ከብቱ ውሃ ፍለጋ ሩቅ ይነዳና የጠጣውን መንገድ ላይ ጨርሶ ይመለሳል። ሌሎቹ ሽንሽኖች ተላጭተው አፈር ብቻ ቀሩ። ክፉ ቀን ውስጥ ግን ሳሩ እስከ ጉልበት ቆሞ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ከብቶቹ ጠዋት ከበረት ሲወጡ በቀጥታ ሄደው አጥሩን ተደግፈው ያዩታል። ይሄን እያየ የማይናደድ ሰው ልቡ ከምን እንደተሠራ እንጃ።

"ጋሼ፣ ክፉ ቀን ይከፈት" አለች እህቱ።

"ቆዪ እስቲ።"

"እስከ መቼ?"

"ክፉ ቀን እስኪመጣ ነዋ።"

"ይሄ ታዲያ ምንድን ነው?"

"ይሄማ መጥፎ ቀን ነው።"

ልብ በሉ፤ መጥፎ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። መጥፎና ክፉ ምን እንደሚለያቸው ሊቃውንት ተሰብስበው ቢመክሩ አይነግሯችሁም። ክቡር ጋሽ ቆይ ግን ያውቃሉ። አይናገሩም እንጂ።

የእንስሳት ሐኪሙ በሞተር ብስክሌት መጣ። የመንጋውን ሁለት ሽማግሌ በሬዎች ጎድን እየዳሰሰ፣ "ጋሼ፣ እነዚህን በእግራቸው ገበያ መድረስ ሲችሉ ይሽጧቸው፤ የነሱን ድርሻ ላሞቹ ይበሉታል" አለ።

"ቆይ ዶክተር፣ ትንሽ ሥጋ ይያዙና።"

"በምን ይያዙ? በነፋስ?"

ከብት ነጋዴው መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ከመኪናው ወርዶ፣ ሰላም ብሎ፣ የቤተሰብ ጤና ጠይቆ ነበር። ቆይ ተባለ። ሲመለስ በመስኮት ነው ያነጋገራቸው። ከዚያ ወዲያ በሬዎቹን በሩቁ አያቸውና ሳይቆም አለፈ። ብዙም ሳይቆይ አንደኛው በሬ በረት ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሁለተኛውም አልቆየም።

እህቱ ያን ቀን ከተናገረችው አብዛኛውን እዚህ መጻፍ ነውር ነው። ሊጻፍ የሚችለው ይሄ ነው፦ "ሁለት ድርቅ ነው የመጣብኝ! አንዱ ከሰማይ፣ አንዱ ከእናቴ ማህፀን!"

አይፈረድባትም። ባሏ ከሞተ ወዲህ የልጆቿን ጉሮሮ የምትደፍነው ቀዮ የምትባል አንዲት ላም ናት። ቀዮ እርጉዝ ናት፤ ከወለደች ወተት አለ፣ ከሞተች ምንም የለም። እህትየው ጠዋት ማታ የላሟን ጎድን ትቆጥራለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቀዮ ከውሃ ስትመለስ ተንበረከከች። ከዚያ ተኛች። ከዚያ አልነሳም አለች። በድርቅ ጊዜ የተኛች ላም ቶሎ ካልተነሳች እዚያው ቀረች። ጎረቤት ተጠርቶ፣ በሆዷ ሥር ጆንያ አሳልፈው፣ በግራና በቀኝ ይዘው በስንት መከራ አቆሟት። ጋሽ ቆይም ከኋላ በትከሻው እየገፋ ነበር። ላሟ ቆማ ስትንቀጠቀጥ አንገቷን መታ መታ አደረገና፣ "አይዞሽ ቀዮ፣ ቆዪ" አላት።

እህቱ ደሟ ፈላ። ቤት ገብታ መጥረቢያ ይዛ ወጣች። ቁልፉን አልነካችውም፣ ምን ያደርግላታል! ከበሩ ጎን ያለውን እሾህ መንጥራ መንጥራ መኪና የሚያሳልፍ ቀዳዳ ከፈተችና ቀዮን እየደገፈች አስገባቻት። ላሟ ሳሩ ውስጥ አፏን ቀበረች። ጋሽ ቆይ ዱላውን እንዳነሳ እየሮጠ ደረሰ።

"ምን ማድረግሽ ነው! ክፉ ቀን ሳይመጣ!"

"ና ምታኝ! ና! ክፉ ቀን የሚሉት መቼ ነው? ዛሬ ትነግረኛለህ!"

"የሚዘንብ ቀን ነው!"

ድርቁ ጭንቅላቱ ላይ ወጣ እንዴ ብላ አየችው።

"ምን አልክ?"

"ከብት የሚያልቀው በድርቁ አይደለም፣ በመጀመሪያው ዝናብ ነው" አለ ቁና ቁና እየተነፈሰ። "የከሳ ገላ ዝናብና ብርድ ሲመታው ይወድቃል። አዲሱ ሳር ቶሎ አይደርስ። ያኔ የሚበላ ከሌለ አለቀ። አባባ በዚያ በፊተኛው ድርቅ ሳሩን ቀድመው ጨርሰው፣ ከብቶቹ ዝናቡን እያዩ ነው ያለቁት። አንቺ ገና ጡት ትጠቢ ነበር።"

"እና እስከ ዛሬ አፍህን ምን ያዘው?"

"ቆይቼ ልነግርሽ ነበር።"

አያችሁልኝ? ሳሩን ይቆጥብ፣ ይሁን። ሰው የገዛ እህቱ በንዴት ስትቃጠል እያየ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይቆጥባል?

እህትየውም ብትሆን የዋዛ አይደለችም። ጎንበስ ብላ አንድ እፍኝ ሳር ያዘችና ሳብ አደረገችው። ያለ ምንም ትግል መጣላት፤ ሥሩን ምስጥ በልቶታል። አፍንጫው ሥር ወሰደችለት።

"ቆይ ስትለው ምስጥ ቆየልህ?"

ጋሽ ቆይ ሳሩን ተቀብሎ አገላበጠው። በሩን ቆልፎ ሲጠብቅ ወደ ውስጥ ገብቶ አላየም ነበር። መጥረቢያውን ከእጇ ወሰደና እሾህ መቁረጥ ጀመረ። ቀዳዳውን ሊዘጋ ነው ብላ ልትጮህ ስትል፣ እሾሁን ጎትቶ በሽንሽኑ መሀል መደርደር ያዘ። ምስጥ የጀመረው ግማሽ አሁኑኑ ለቀዮና ለደካሞቹ፣ ደህናው ግማሽ ለዝናቡ። ይቅርታ የሚባል ነገር ግን ከአፉ አልወጣም። እሷም አልጠየቀች፤ አብራው እሾህ ጎተተች እንጂ።

ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ መጣ። ሰው ደጅ ወጥቶ በደስታ ጨፈረ። በማግስቱ ጭፈራው ቀረ። በየጎረቤቱ፣ ድርቁን ሙሉ በእግራቸው የቆሙ ከብቶች ጭቃው ላይ ተዘርረዋል። ጋሽ ቆይ መክፈቻውን ከአንገቱ አውልቆ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ቀኑን ሙሉ ዝናቡ እየወረደበት፣ የሚንቀጠቀጡትን አንድ በአንድ በትከሻው እየገፋ ሳሩ ላይ አደረሳቸው። ሁሉም አልተረፉም፤ አብዛኞቹ ግን ቆሙ። ቀዮም ቆመች። በድርቁ ባትበላ እዚህ አትደርስም፣ በዝናቡ ባትበላ አትተርፍም ነበር። እህቱን ይበልጥ ያበገናት እሱ በግማሹ ልክ መሆኑ ነው።

ከዚያ እሱ ራሱ ወደቀ። ብርዱ ደረቱ ውስጥ ገብቶ አልጋ ላይ ያስለው ጀመር። አንዲት ጎረቤት ልትጠይቀው መጥታ በሩ ላይ ቆመችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"መቼም አንቺ ሆነሽ ቻልሽው እንጂ፣ እንዲህ ያለ ደረቅ! ሁለቱን በሬዎችስ የፈጀ እሱ አይደል?"

እህትየው ድርቁን ሙሉ ስትለው የከረመችው ቃል በቃል ይሄንኑ ነው። ፊቷ ግን ተለዋወጠ።

"ማነው ደረቅ?"

"ኧረ አንቺው ስትይ አልነበር እንዴ?"

"እኔ እላለሁ! ወንድሜ ነው፣ እላለሁ! አንቺ ምን አግብቶሽ? በኛ በረት የተረፈውን ያህል ባንቺ በረት ተርፏል? በይ ወደ ቤትሽ!"

በሩን በላይዋ ላይ ዘግታባት ስትመለስ ጋሽ ቆይ ቀና ብሏል።

"ማን ነበረች?"

"ማንም! ተኛ!"

"ቀዮስ?"

"ወልዳለች። እናትና ልጅ ደህና ናቸው።"

"እስቲ ልነሳና ልያቸው" ብሎ እግሩን ከአልጋው አወረደ።

ትከሻውን ይዛ መልሳ አጋደመችው። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ጎትታ፣ እንዳይነሳ ጫፉ ላይ ተቀመጠችበት። በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ አድርጋ የምትቆጣው ሌላ ሰው እንደሌላት ያኔ ገባት፤ ፈራችም።

"ቀድመኸኝ ብትሞት" አለችው ጥርሷን ነክሳ፣ "አልምርህም።"