ጋሽ ከጀርባው በኩባንያው ወንበር ላይ

መንግሥት የሌለው አገር ምናልባት ይገኝ ይሆናል፤ መንግሥትን የሚተነትን ሰው የሌለበት ሰፈር ግን ተፈልጎ አይገኝም። አንዳንዱ ሰፈር ተንታኙን ፀጉር ቤት ያስቀምጠዋል፣ ሌላው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ያቆመዋል። ለልብስ ሰፊዋ ሰፈር የደረሱት ጋዜጣቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ "እንደምን አደራችሁ" ከማለታቸው በፊት "ሰማችሁ?" የሚሉት አዛውንት ነበሩ።

ስማቸውን ቤተሰቦቻቸው ያውቁታል። ለቀረነው ሁሉ ጋሽ ከጀርባው ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ከአፋቸው ከማትጠፋ አንዲት ንግግር ነው፦ "እሱ የሚታየው ነው፤ ከጀርባው ያለውን ጠይቂኝ።" ማንም አይጠይቃቸውም። መልሱ ግን አይቀርም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የስልክ መስመር ጠጋኝ ነበሩ። ምሰሶ ላይ ወጥተው መስመር ሲፈትሹ የትልልቅ ሰዎች ወሬ ሽው ይልባቸው ነበር። "አይሆንም፣ ያንን ሰውዬ ነገ..." ይላል አንዱ፤ ከዚያ መስመሩ ጭጭ። ግማሹን ይሰማሉ፣ ግማሹን ራሳቸው ይሞሉታል። ጡረታ ከወጡ በኋላም ሥራቸው አልተለወጠም፤ የቀረው ምሰሶው ብቻ ነው።

በምሰሶው ፈንታ የልብስ ሰፊዋን አግዳሚ ወንበር አገኙ። ሱቋ በአንድ ረድፍ ከቆሙት አምስት ጠባብ ሱቆች መካከለኛዋ ናት፤ በግራዋ ጫማ ሰፊው፣ በቀኟ ባለ ፎቶ ኮፒዋ አሉ። ልብስ ሰፊዋ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ሰምታቸዋለች። ብዙውን ጊዜ በከንፈሮቿ መካከል መርፌ ስለምትይዝ መልስ መስጠት አትችልም፤ እሳቸውም ዝምታዋን እንደ ሙሉ ድጋፍ ይቆጥሩት ነበር።

አንድ ጊዜ ሳሙና ይዘው መጡ። መሐሉ ጎድጎድ ያለ አዲስ ሳሙና ነበር። "ለመያዝ እንዲመች ነው አሉን፤ ሰማሽ? ይቺ ጉድጓድ የሁለት ቀን እጥበት ናት። የሁለት ቀን እጥበታችንን ቦርቡረው ወሰዱት!" አሉ። ይኼኛውስ እውነት ሳይሆን አይቀርም ብላ ልብስ ሰፊዋ ለራሷ አሰበች። የእሳቸው ችግር ይኸው ነበር፤ አልፎ አልፎ ትክክል ይሆናሉ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የአውቶቡስ ፌርማታው ምልክት አሥር እርምጃ ወደ ታች ተዛውሮ ተገኘ። ሦስት ቀን የፈጀ ትንታኔ ሰጡበት። ትራንስፖርት ሚኒስትሩ ገቡበት፣ ነዳጅ አስመጪዎች ገቡበት፣ ሁለት ጎረቤት አገሮችም በስም ተጠሩ። በአራተኛው ቀን ጫማ ሰፊው መጥቶ፣

"ኧረ ጋሼ፣ የጭነት መኪና ገጭቶት ነው! እኔ ራሴ ሲገጨው አይቻለሁ፤ ምልክቱን መልሰው ሲያቆሙት ጉድጓዱ ስለተበላሸ ሌላ ቦታ ቆፈሩ" አላቸው።

ጋሽ ከጀርባው ጋዜጣቸውን አጠፉ። በሐዘኔታ ዓይን አዩት። "መኪናውንስ ማን ላከው?" አሉ።

ልብስ ሰፊዋ በነዚያ ዓመታት አንድ ነገር ብቻ ስትመኝ ኖረች፤ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ በጸጥታ ሱሪ ማሳጠር።

ምኞቷ የተሳካው ባልጠበቀችው መንገድ ነው። የከተማውን ግማሽ ገበያ የያዘ አንድ ኩባንያ ከሱቆቹ ጀርባ ትልቅ መደብር መሥራት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው አምስቱን ሱቆች አፍርሶ መኪና ማቆሚያ ሊያደርጋቸው ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ጋሽ ከጀርባው ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ጠላት በሩ ላይ ቆመ። "ይኸው መጡ! በሬሳዬ ላይ ተራምደው ካልሆነ አንዲት ጡብ አይነኩም!" እያሉ ሰፈሩን አንቀጠቀጡት።

አንድ ማለዳ ጫማው እንደ መስታወት የሚያበራ የኩባንያው ሰው መጣና አጠገባቸው ተቀመጠ። ሊከራከር አልመጣም። አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሙሉ አዳመጣቸው። አንድም ጊዜ አላቋረጣቸውም፤ ጭራሽ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ልብስ ሰፊዋ በጎን እያየች የጋሽ ከጀርባው ፊት እንደ ሙሽራ ሲፈካ ታዘበች። እንዲህ አድርጎ ያዳመጣቸው ሰው፣ ባለቤታቸውን ጨምሮ፣ ኖሮ አያውቅም።

በማግሥቱ ደብዳቤ ደረሳቸው። ክቡር ጋሽ ከጀርባው የኩባንያው "የማኅበረሰብ ጉዳዮች ከፍተኛ አማካሪ" ሆነው ተሹመዋል።

"ከውስጥ ሆኜ ልያዛቸው ብዬ ነው" አሉ፣ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ። "አይዞሽ እህቴ።"

የመጀመሪያው ቀን ለልብስ ሰፊዋ በዓል ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት ሦስት ሱሪ አሳጠረች፣ አንድ ቀሚስ ጨረሰች። በሁለተኛው ቀን የመኪናዋ ድምፅ ደስ አላት። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ኮት ላይ ሁለት ግራ እጅጌ ሰፍታ ተገኘች። ጸጥታው ጆሮዋን ይበላት ጀመር። ልብስ እስኪያልቅ የሚጠብቁ ደንበኞችም አግዳሚው ላይ ትንሽ ይቀመጡና፣ የሚቃወሙት ሰው ሲያጡ፣ "በኋላ እመለሳለሁ" ብለው ይሄዳሉ። ጫማ ሰፊው እንኳ መዶሻውን ይዞ ብቅ ይልና፣ "ዛሬ መንግሥት እንዴት አደረ?" ብሎ የሚመልስለት ሲያጣ ይመለሳል።

የጋሽ ከጀርባው ባለቤት በነርስነት ጡረታ የወጡ፣ ጥቂት የሚናገሩ ሴት ናቸው። ቀሚስ ሊያስጠብቡ ሲመጡ ልብስ ሰፊዋ ስለ ባላቸው ጠየቀቻቸው።

"ምን እባክሽ" አሉ፣ እጃቸውን ለመለካት ወደ ላይ እንዳነሱ። "ስድስተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጠውታል። የሚሽከረከር ወንበር አለው። ያለውን ሁሉ 'በጣም ትክክል ነዎት' ይሉታል። ስለ ሳሙናው ሳይቀር ነግሯቸዋል፤ ሳሙናውን የሚሸጡት እነሱው ናቸው እኮ! 'ግሩም አስተያየት' ብለው ጻፉለት። አንድ የሚከራከረው ሰው የለም። እና ማታ ማታ ያልወጣለትን ሁሉ ይዞ እኔ ላይ ይመጣል።" እጃቸውን አወረዱ። "ዘጠኝ ዓመት ጠዋት ጠዋት ወደ አንቺ የምልከው ለምን መሰለሽ? ለእሱ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ ለራሴ ደም ግፊት ነው።"

በወሩ መጨረሻ ጋሽ ከጀርባው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ሰማያዊ አቃፊ ይዘው ሱቋ በር ላይ ቆሙ።

"ትንሽ ፊርማ ናት" አሉ። "የሱቆቹን እድሳት የሚመለከት። አምስታችሁም ፈርማችሁ ለሐሙሱ የማዘጋጃ ቤት ውይይት ትቀርባለች።"

ልብስ ሰፊዋ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወረቀቱን ተቀበለች። ቀስ ብላ፣ ጣቷን ከመስመር መስመር እያስከተለች አነበበች። አራተኛው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ።

"'ተከራዮቹ ሱቆቻቸውን በስድሳ ቀን ውስጥ ለቀው ለመውጣት ተስማምተዋል' ይላል። ጋሼ፣ አንብበውታል?"

"በ... በጥቅሉ።"

"በጥቅሉ?"

ወረቀቱን ተቀበሏት። መነጽራቸውን አድርገው አራተኛውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ፣ የልማድ ነገር ሆኖ፣ ወረቀቱን ገለበጡት። ነጭ ነበር። ብርሃን ላይ አንስተው አዩት፤ ምንም የለም።

"ከጀርባው ባዶ ነው" አሉ፣ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ቀጥኖ። "ሁሉንም ፊት ለፊት ጽፈውታል።"

ልብስ ሰፊዋ ብታዝንላቸውም ንዴቷ በለጠ። "ባሌ የሞተ ዓመት ነው ይህን ሱቅ የከፈትኩት። ሁለት ሴት ልጆች አስተምሬበታለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተጠንቀቁ ሲሉን ኖረው፣ ዛሬ ማባረሪያችንን በእጅዎ ይዘውልን ይመጣሉ?"

ጋሽ ከጀርባው መነጽራቸውን አወለቁ። ወረቀቱን አቃፊው ውስጥ ከተቱ።

"ሐሙስ እመጣለሁ" አሉ።

"በየትኛው ወገን?"

አቃፊውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወጡ።

ሐሙስ ዕለት የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ጋሽ ከጀርባው ጫማው ከሚያበራው ሰውዬ ጎን፣ የፊት ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ጠንካራ ሴት ነበሩ፤ ለአንድ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ አንድ ቃል የለም አሉ።

የኩባንያው ሰው ስለ እድገት ተናገረ፤ ስለ ዘመናዊነት ተናገረ፤ ለመኪና ማቆሚያ የሚሆን ሌላ ቦታ በአካባቢው እንደሌለ ገልጾ ተቀመጠ። ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋ ተነሣች። ሁለት ቀን ያጠናችው ንግግር ከአእምሮዋ ብን ብሎ ጠፋ።

"እኔ የማውቀው መለካት ነው" አለች። "ከመደብሩ በወዲያኛው ወገን ባዶ መሬት አለ። ትናንት ሄጄ በዚህ ለካሁት።" አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን የልብስ መለኪያ አነሳች። "አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ስለሆነ እያነሳሁ እየጣልኩ ጀርባዬ ተቆረጠ። ግን የአምስት ሱቆቻችንን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ይኸው ነው።"

አዳራሹ አጉረመረመ። ሰብሳቢዋ ከመነጽራቸው በላይ ወደ ኩባንያው ረድፍ ተመለከቱ። በዚህ ጊዜ ጋሽ ከጀርባው ብድግ አሉ። ጫማ ሰፊው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "አለቀልን" አለ። "አሁን ከዓለም አፈጣጠር ነው የሚጀምሩት።"

"ሦስት ደቂቃ አለዎት" አሉ ሰብሳቢዋ።

"ይበዛል።"

ሰፈርተኛው እርስ በርሱ ተያየ።

"እኔ የዚህ ኩባንያ ከፍተኛ አማካሪ ነኝ" አሉ ጋሽ ከጀርባው። "አንድ ወር ሙሉ አስወሩኝ እንጂ ምክር አልጠየቁኝም። ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬን እዚሁ እሰጣለሁ። ባዶውን መሬት ውሰዱ፤ ሱቆቹን ተዉ። ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልኝ።"

ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ግራ ተጋባ። "በማን በኩል ብዬ ልጻፈው?"

"በኩባንያው በኩል ነዋ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሰብሳቢዋ ሳቃቸውን ለመደበቅ የውኃ ብርጭቆ አነሡ፤ ትን አላቸው። ጫማ ሰፊው በሳቅ ከወንበሩ ወድቆ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን መሳቅ ፈልጋ እንባዋ መጣ፤ ለምን እንደሆነ ለራሷም አልገባትም።

ማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያ ልኮ ባዶውን መሬት በትክክለኛ ሜትር አስለካ። የልብስ ሰፊዋ ልኬት የተሳሳተው በሁለት ክንድ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሱቆቹ ባሉበት እንዲቆዩ ተወሰነ፤ ኩባንያውም መኪና ማቆሚያውን ወዲያ ማዶ መሥራት ጀመረ። ለከፍተኛ አማካሪው ደግሞ ለአገልግሎታቸው የሚያመሰግን ሁለት መስመር ደብዳቤ ደረሳቸው።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ከጀርባው ተመልሰው መጡ። ክራቫት የለም። ጋዜጣም የለም። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

"ከዛሬ ጀምሮ ፖለቲካ በቃኝ" አሉ። "ኩባንያም በቃኝ። ሰው ደስታውን የሚያጣው የማይመለከተውን ሲመረምር ነው፤ ይህን ስድስተኛ ፎቅ ላይ ደረስኩበት። ጤናዬ አለ፣ ሚስቴ አለች፣ ፀሐይዋ አለች። ከእንግዲህ ዝም ብዬ እሞቃለሁ።"

"ጥሩ አስበዋል ጋሼ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ዝም ብለው ሞቁ። ጫማ ሰፊው ብቅ ብሎ፣ መንግሥት እንዴት እንዳደረ ጠየቀ። "ደህና ነው መሰለኝ" አሉት። ጫማ ሰፊው የታመሙ መስሎት ደንግጦ ሄደ። ባለ ፎቶ ኮፒዋ የሚኒስትሮች ሹም ሽር መኖሩን ከበሯ ላይ ሆና ጮኻ ተናገረች። አንገታቸው ትንሽ ነቃ አለ፤ ግን ዋጥ አደረጉት።

ልብስ ሰፊዋ አንድ ስፌት ሰፋች፣ ፈታችው። ደግማ ሰፋችው፤ ደግማ ፈታችው። እያንዳንዷ ደቂቃ እንደ ሰዓት ረዘመችባት። እሳቸውን አየች፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ በሙሉ ኃይላቸው ደስተኛ ለመሆን ይታገላሉ። አላስቻላትም።

"ጋሼ" አለች፣ ቀና ሳትል። "ይሄ ክር ዘንድሮ ለምን እንዲህ ይበጠሳል?"

ክሩ አልተበጠሰም ነበር። ክሩ እንዲያውም ከመቼውም የተሻለ ነበር።

አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። "ክሩ?"

"ክሩ። ድሮ እንዲህ አልነበረም።"

ጋሽ ከጀርባው ወደ በሩ አዩ፣ ወደ ፀሐይዋ አዩ፣ እጆቻቸውን ጨብጠው ፈቱ። ሁለተኛው ዓይናቸውም ተከፈተ። ቀስ ብለው ወደ አግዳሚው ጫፍ ተሳቡና ወደ እሷ ጎንበስ አሉ።

"ይህን ለማስረዳት" አሉ፣ ድምፃቸው እየደመቀ፣ "ከጥጡ መጀመር ሊኖርብኝ ነው። ረጅም ነው።"

"ከጥጡ ይጀምሩ" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ወንበሯን ወደ እሳቸው ጠጋ እያደረገች። "ገና ጠዋት ነው።"