ከአያ ደሴ ኮት ውስጥ ሆኜ ሚስት ስለምን

ስሙኝማ ዘመዶቼ! ዛሬ ጠዋት የደረሰብኝን ካልተነፈስኩት እፈነዳለሁ።

ሽማግሌ ላክኩ። እሺ፣ ይሄ ብቻውን ዜና አይደለም። ዜናው እኔም ከሽማግሌው ኮት ውስጥ ሆኜ አብሬ መሄዴ ነው!

ከመጀመሪያው ልጀምር። እመቤትን ታውቋታላችሁ፤ ፖስቶቼ ላይ ሁሌ የልብ ምልክት የምታደርግልኝ ልጅ። አባቷ እዚሁ ንፋስ መውጫ የተከበሩ መሪጌታ ናቸው። እኔ ደግሞ፣ እንዳትስቁ፣ የኮሙኒኬሽን ምሩቅ ነኝ። ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚግባባ በዲግሪ የተማርኩ ሰውዬ!

አያ ደሴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከመካነ ኢየሱስ ድረስ ለዚሁ ጉዳይ ብለው ትናንት መጡልኝ። ሁለት ጎረቤቶቼን ጨመርንና ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆኑ።

እኔም ቁጭ አድርጌ ትሬኒንግ ሰጠኋቸው።

አዎ፣ ትሬኒንግ! ለሽማግሌ! «ሰው ማለት በሌላው ዓይን የሚታየው ምስሉ ነው» አልኳቸው። «ሰው ሁሉ እንግዳ ፊት ተዋናይ ነው፤ እውነተኛው ማንነቱ ጓዳ ነው የሚቀረው። ስለዚህ መሪጌታ ፊት ጥሩ ኢሜጅ ፍጠሩልኝ።»

አያ ደሴ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ «ባጭሩ አሞግሱኝ ነው የምትለው?» አሉ።

ባጭሩ፣ አዎ።

ችግሩ ግን ፊድባክ ነው። ባህሉ አመልካቹ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን እየበላ ይጠብቅ ነው የሚለው። ያለ ፊድባክ ደግሞ ምኑን ኮሙኒኬሽን ሆነ? ስለዚህ አንድ ብልሃት ፈጠርኩ። ሊገቡ ሲሉ አያ ደሴ ጋ ደወልኩ፣ አነሱና ስልኩን ሳይዘጉ ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። እኔ በበኩሌ ድምፄን ሚዩት አደረግኩ። እህቴ የሺም አጠገቤ ተለጠፈች። ቀጥታ ስርጭት በሉት!

የረሳሁት ነገር ቢኖር አያ ደሴ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ስለሚል ስልካቸውን ሁልጊዜ በላውድ ስፒከር እንደሚያወሩ ነው።

መጀመሪያ ሁሉም አሪፍ ነበር። መሪጌታ «ኧረ ቁጭ በሉ» ይላሉ፤ የኛዎቹ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ። ቀጥሎ አያ ደሴ ሙገሳውን ጀመሩት።

«ልጃችን መጠጥ በአፉ አይዞር።»

እህም።

«የራሱን ቤት ሠርቷል። ቆርቆሮው ከሩቅ ያብለጨልጫል።»

የምን ቆርቆሮ? እኔ እኮ ያለሁት ኪራይ ቤት ነው!

«ደግሞ ዳዊት ይደግማል።»

በስመ አብ! ለመሪጌታ! ዳዊት ይደግማል!

መሪጌታ ረጋ ብለው «ደግ፣ ደግ። ሲመጣ አብረን እንደግማለን» አሉ።

የሺ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። በደንብ ልስማ ብላ ስልኩን ከእጄ ስትነጥቀኝ ጣቷ ሚዩቱን ነካው። ይሄን ያወቅነው በኋላ ነው። እኔ እዚያው እየተንጎራደድኩ ጮህኩ።

«ኧረ አያ ደሴ ገደሉኝ! የምን ዳዊት? የምን ቤት? ለእመቤት እኮ ምንም እንደሌለኝ ነግሬያታለሁ፤ እንዲህም ሆኜ እሺ ብላኛለች! አባቷን ዋሽቼ ከማገባት ቢቀርብኝ ይሻላል!»

ጸጥ።

ዝምታም መልእክት ነው ብዬ ፈተና ላይ ጽፌ ኤ አግኝቻለሁ። የዛሬውን ዝምታ ግን ምን ብዬ ልተርጉመው?

ያኔ ከእመቤት ቴክስት ገባ፦ «ድምፅህ ከኮቱ ውስጥ እየወጣ ነው ዝጋው!!!»

ክው አልኩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር!

መሪጌታ ጠየቁ። «አያ ደሴ፣ ኮትዎ ምን አለ?»

አያ ደሴ ሲያስሉ ይሰማኛል።

«አንተ ኮቱ ውስጥ ያለኸው» አሉ መሪጌታ። «ቤት አለህ?»

ሳላውቀው ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ። በቁምጣ! «የለኝም መሪጌታ፤ የኪራይ ነው።»

«መጠጥስ?»

«በዓል ሲሆን ጠላ እጠጣለሁ።»

«ዳዊት?»

«አልደግምም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ታዲያ ምን አለህ?»

እ... እ... እ...

ይኸውላችሁ የኮሙኒኬሽን ምሩቅ! አንዲት ቃል ጠፋችኝ። «ልጅዎን እወዳታለሁ» ለማለት አፌን ስከፍት ፓኬጄ አልቆ ስልኩ ጥርቅም!

ከዚያ በኋላ ያለውን አትጠይቁኝ። በየሺ ስልክ ብደውልም እመቤት አትመልስም። የሺ ሳቋን ትታ ማልቀስ ጀመረች። እኔ በቃ፣ እሷን አጣኋት ብዬ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ አያ ደሴ ፊታቸው ቅጭም ብሏል። ኮታቸውን አውልቀው ወረወሩብኝ። «ሁለተኛ እኔ ኮት ውስጥ እንዳትገባ!»

«ምን አሉ?» አልኩ።

እንደምታውቁት በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት የለም። ዘመድ ላማክር ይባላል፤ ሽማግሌም ደጋግሞ ይመላለሳል። አያ ደሴ ቁጭ አሉና የመሪጌታን ቃል እንዳለ አደረሱኝ።

«እናንተ ስላመጣችሁልኝ ልጅ ዘመድ ላማክር። ስለ ኮቱ ልጅ ግን የማማክረው ሰው የለኝም፤ ሰጥቻለሁ።»

አለቀስኩ። ምን ያሳፍራል? አለቀስኩ! አያ ደሴም ቁጣቸውን ረስተው አንገቴን አቀፉኝ።

እኚህ ሰውዬ በሕይወታቸው ዋሽተው የማያውቁ ሰው፣ ለእኔ ሲሉ በስተርጅና ዋሹ። እግዜር ይስጥልኝ አያ ደሴ! መሪጌታ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ምስል መሐል እኔን ሰሙኝ። እንዲህ የሰማኝ ሰው አላስታውስም። እመቤትዬ፣ ባዶ እጄን እያየሽ እሺ ስላልሽኝ ዕድሜ ይስጥሽ። የሺ፣ ጣትሽ ይባረክ!

መሪጌታ አንድ ነገር ጨምረዋል። «ያ ዳዊት የተባለው ነገር ግን ውሸት ሆኖ እንዳይቀር። ነገ ጠዋት መጥቶ ይጀምር፤ በኮት ሳይሆን በእግሩ!»

እና ወገኖቼ፣ ባለዲግሪው ነገ ማለዳ አማቱ ፊት ቆሞ ከሀሁ ሊጀምር ነው። እስቲ ኮሜንት ላይ ምከሩኝ፤ ምን ለብሼ ልሂድ?

ኮት ብቻ እንዳትሉኝ!