ስልጠና በጉርሻ

ጉርሻን እምቢ ብሎ የተሳካለት ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። በተለይ እኛ ወሎ ቦረና ውስጥ «በቃኝ» ማለት «ጨምሩልኝ» ማለት ነው። አፍህን ብትዘጋ «በሞቴ!» ይመጣል። እሱን ብታልፍ «አፈር ስሆን!» ይከተላል። ሰው አፈር ከሚሆን እኔ ልጉረስ ትልና ትከፍታለህ።

ስለ ምግብ ላወራችሁ ግን አይደለም። ስለ ስልጠና ነው።

አለቃችን አቶ ደምሰው ለስብሰባ ደሴ ሄደው ሐሳብ ይዘው መጡ። አዲስ ሠራተኛን አዳራሽ ውስጥ አጉሮ ሳምንት ሙሉ ማስዛጋት ቀርቷል አሉ። ከእንግዲህ በትንሽ በትንሹ ነው፤ አንድ ባልደረባ፣ አንድ ትምህርት፣ አምስት ደቂቃ። ስሙም «የጉርሻ ስልጠና» ይባላል አሉ። ሐሳቡ ደህና ነበር፤ አልዋሽም። ያጠፋን ስሙ ነው።

የመሥሪያ ቤታችንን ስም አልነግራችሁም። መካነ ሰላም ነው፤ መስኮት አለው፣ ወረፋ አለው፣ ማህተም አለው። ከዚህ በላይ ምን ያደርግላችኋል?

መስኮቱ ላይ እንድትሠራ የተቀጠረችው ሰዓዳ ትባላለች። የደሴ ልጅ ናት፤ ከተመረቀች ወዲህ ሥራ ስትፈልግ ጫማ የጨረሰች። የሙከራ ጊዜዋን ካላለፈች ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወደ እናቷ ቤት መመለሷ ነው። ያንን መንገድ ደግሞ ሥራ ይዘውም ሲመጡበት ወገብ ይቆርጣል፤ ሥራ አጥተው ሲመለሱበትማ አስቡት።

የመጀመሪያውን ጉርሻ የሰጧት የመዝገብ ቤቱ ጋሽ አያሌው ናቸው። ፋይሎቹ የት የት እንደሚቀመጡ አሳዩዋት። አምስት ደቂቃው አለቀ። ጋሽ አያሌው ሊወጡ ተነሱና ተመልሰው ተቀመጡ። «ኧረ አይሆንም! አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉ። ሁለተኛውን ቀጠሉ፤ ፋይሎቹ ለምን እዚያ እንደተቀመጡ። ያ ታሪክ ደግሞ ከደርግ ጊዜ ነው የሚጀምረው።

ይህን ጸሐፊዋ እትዬ ፋጡማ ሰሙ። እሱ ሁለት አጉርሶ እኔ አንድ? ልጅቷ ምን በድላኝ ነው? ብለው ሦስት አጎረሷት። ትምህርቱ የአለቃን ጠባይ ከሚለብሱት ኮት ማወቅ ነበር፤ ሲሰቅሉት ምን ማለት ነው፣ ወንበር ላይ ሲጥሉት ምን ማለት ነው፣ ሳያወልቁት ሲቀሩስ? ከዚያ ሒሳብ ክፍል ተነሣ። ንብረት ክፍል ቀናበት። ኧረ ማህተም ሊያስመታ ከሌላ ቢሮ የመጣ ሰው እንኳ «እኔም አንድ ላጉርሳት» አለ።

ልጅቷ ምን ታድርግ? ጉርሻ እምቢ አይባል። «እሺ ጋሼ፣ እሺ እትዬ» ስትል ትውላለች። መስኮቱ ላይ ግን «ስልጠና ላይ ነን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ለአንድ ፊርማ ከወግዲ የሚመላለሱ አያ ሙሄ የሚባሉ ሽማግሌ በመስታወቱ አጮልቀው አዩዋትና፣ «ልጄ፣ አሁንም አልጠገብሽ? አንቺን ሲያጎርሱ እኛ እኮ ጾማችንን ዋልን» አሏት።

እኔም አጎረስኳት። ከሁሉ ኋላ ነው የሄድኩት። እኔ በዚህ ቤት የምታወቅበት አንድ ሙያ አለኝ፤ ባለጉዳይን ሳያስቀይሙ መመለስ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቀኝ እጅ ደረት ላይ ይሆናል። አንገት ሰበር ይላል። መጀመሪያ «አብሽሩ» ይባላል፤ የወሎ ሰው አብሽሩ ከተባለ ጉዳዩ በግማሽ አልቆለታል። ቀጥሎ፣ ሠርግ እንደሚጠራ ሰው ፈገግ ብሎ፣ «ነገ ይመለሱ»። ሰውዬው መርቆህ ይሄዳል። አስሞከርኳት። አብሽሩዋ ከእኔም በለጠ። ስለዚህ መድገም አላስፈለገኝም፤ አንዲት ጉርሻ ሰጥቼ ወጣሁ።

አንድ ቀን አቶ ደምሰው ኮታቸውን ሳያወልቁ ገቡ። ጠረጴዛዋ ላይ የተቆለለውን ፋይል አዩና ወሩ ሳያልቅ ይህ ክምር ካልወረደ ቋሚ እንደማትሆን ነገሯት። ማን መስኮቱን አስዘጋት? የጠየቀ የለም። ሁላችንም ወለሉን አየን። እሷ ከላይ ያለውን ፋይል አንስታ ገለጠች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞላ። የምሬን ነው፣ አንጀቴን በላችው። አፏን ሞልተን ለምን አትናገሪም እንደማለት እኮ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሰዓዳ ወረቀቱን ከመስኮቱ ላጠችው። ጋሽ አያሌው ስለ ድሮ ማህተሞች ሊያጎርሷት ገቡ። ከወንበሯ አልተነሣችም። ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። አንገቷን ሰበር አደረገች።

«አብሽሩ ጋሼ፤ ነገ ይመለሱ።»

ጋሽ አያሌው መርቀዋት ወጡ! የሆነው ነገር የገባቸው መዝገብ ቤት ከደረሱ በኋላ ነው። እትዬ ፋጡማ መጡ፤ አብሽሩ። ሒሳብ ክፍል መጣ፤ አብሽሩ። አቶ ደምሰው ራሳቸው አዲስ ሐሳብ ይዘው ብቅ አሉ፤ አብሽሩ። ውጭ ያለውን ሰው ግን አንዱንም ነገ አላለችውም። አያ ሙሄ ፊርማቸውን ሲቀበሉ አላመኑም፤ «ዛሬ ነው? ነገ አትይኝም?» አሉ። ከዚያ እሷንም፣ ብዕሯንም፣ የመስኮቱን እንጨትም ሳይቀር መረቁ።

ወሩ ሳያልቅ ክምሩ ወረደ። ሰዓዳ ቋሚ ሆነች። በስብሰባው ላይ አቶ ደምሰው፣ ከጎረስሽው ሁሉ የትኛው ጠቀመሽ? አሏት። ሁሉም ሠራተኛ አንገቱን አስግጎ ስሙን ጠበቀ። እሷ በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች። ተጨበጨበልኝ። ጋሽ አያሌው እስከ ዛሬ በቅጡ አያናግሩኝም።

ይሄኔ ነው አንድ ብቻ ማጉረሴ ትዝ ያለኝ። አንድ ያጣላል አይደል? ሁለተኛውን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። አፌን ሳልከፍት ቀኝ እጇ ወደ ደረቷ ወጣ።

«በሞቴ!» አልኳት።

«አብሽሩ ጋሼ» አለችኝ።

መርቄያት ወጣሁ። ምን አደርጋለሁ? ነገ መቼ እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።