ነዳጅን ያረዱ መምህር

በየትምህርት ቤቱ አንድ መርዶ ነጋሪ መምህር አይጠፋም። የሎጊያው የተከበሩ መምህር ባንተይርጋ ናቸው፤ የሚያረዱትም የነዳጅን ሞት ነው። መጽሐፉ ለማይታደስ ኃይል የሰጠው ሁለት ገጽ ብቻ ሲሆን እሳቸው አንድ ወር ይፈጁበታል።

"የማይታደስ ማለት ምን ማለት ነው?" ይላሉ ጠመኔውን እንደ መቋሚያ አንስተው።

"ያልቃል" ይላሉ ስድስተኛ ክፍሎች ባንድ ድምፅ። በመስኮቱ ማዶ በጅቡቲ መንገድ ቦቴ ቦቴን ተከትሎ ያልፋል።

አንድ ቀን እንድሪያስ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር መጥቶ፣ "መምህር፣ ልጄ መኪናህን ሽጥ እያለች መግቢያ አሳጣችኝ" አላቸው።

"ጎበዝ ልጅ ናት። ሽጠው" ብለው አሰናበቱት።

ከተማሪዎቻቸው ሁሉ ልባቸው ያረፈው ግን መዲና በምትባል ሌላ ልጅ ላይ ነበር። የማይታደስ ኃይልን ትርጉም አንድ ቃል ሳታዛንፍ ትወጣዋለች። "ይቺ ኢንጂነር ሆና ይህን የአፋር ፀሐይ ትገራዋለች" ይሉ ነበር። አሥረኛ ክፍል ደርሳ ከዓይናቸው ጠፋች።

ባለፈው ሚያዝያ ማደያዎቹ ደርቀው ሰነበቱ። መምህሩ ሰመራ ለስብሰባ ተጠርተው ባጃጅ ቢሳፈሩ፣ ገና ከሎጊያ ሳይወጡ ባጃጁ ቀጥ አለ። ባለባጃጁ እየገፋ ወስዶ አንዲት የሸራ ዳስ ፊት አቆመው። ቤንዚን በውሃ ፕላስቲክ ተሞልቶ ተደርድሯል። ከኋላው መዲና ተቀምጣለች።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ ቲቸር። አባቴ ሲሞት ትምህርቱን ተውኩት።"

"ተውሽና ቤንዚን ትቸረችሪያለሽ?"

"እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። የሚያልቅ ነገር ይወደዳል አሉን።"

"ቆጥቡ ነው ያልኳችሁ።"

"ቆጠብኩ" አለችና ከጀርባዋ ያለውን የጄሪካን ክምር አሳየቻቸው።

ባለባጃጁ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ያን ሁሉ ዓመት ጮኸው ትምህርታቸው ከልብ የገባው ለዚች ብቻ፣ ያውም በዚህ መልኩ መሆኑ እንደ ኮሶ መረራቸው። ወዲያው ከጄሪካኑ ጥግ የተጠቀለለ ፍራሽ አዩ።

"የምትተኚው እዚህ ነው?"

"ትቼው ብሄድ ይሰረቃል።"

ስብሰባው ቀረ። በማግስቱ ከክፍል ሲወጡ አንድ ጆንያ አሸዋ በባጃጅ አስጭነው መጡ።

"ቤንዚን ሲቀጣጠል ውሃ እንዳታፈሺበት፤ እሳቱን ይዞት ይሄዳል። አሸዋ ነው የሚያፍነው።"

"ይሄ መጽሐፉ ላይ አልነበረም።"

"መጽሐፉ ስላንቺ አያውቅም" አሉና ፍራሹን አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉት። አከራያቸው ባዶ ክፍል እንዳላቸው፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚያ እንደምታድር ነገሯት።

"ጄሪካኑን ማን ይጠብቀዋል?"

"ይሰረቅ።"

"ቲቸር፣ ያለኝ እኮ እሱ ብቻ ነው።"

መምህር ባንተይርጋ ፍራሹን አስተካክለው ወደ ጅቡቲ መንገድ ተመለከቱ። "እሱ ነገ በቦቴ ይመጣል" አሉ፤ "አንቺን ከየት አመጣለሁ?"

ሳምንት ሳይሞላ ሦስት ጄሪካን ተሰረቀባት። መዲና እስካሁን አኩርፋቸዋለች፤ ሰላምታቸውንም በግማሽ አፏ ነው የምትመልሰው። ቢሆንም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሸራዋን አስራ ትጠብቃቸዋለች። እሳቸው ካልመጡ ወደ ቤት አትሄድም።