አንድ ዓይኑን የደበቀው ሰዓሊ

(ሮማ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ያለች የሐበሻ ካፌ። ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያድሩ ሴቶች የሚያርፉበት። አንዲት ባልቴት ሲኞራ እያስታመመች የምታድረው የሺእመቤት ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ጡረታ የወጣው ሾፌር ጋሽ ሕዝቅኤል፣ የማያውቀው ነገር የሌለው ሰው፣ ስልኩን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ገባ።)

ሕዝቅኤል፦ ተገኝቷል! የሺ፣ ተገኝቷል!

የሺእመቤት፦ ምን ጠፍቶ ነበር?

ሕዝቅኤል፦ ባለፈው የተፈተንኩበት ሥዕል ቤት የአማርኛ አስጎብኚ ነዋ! ስሚ፤ «የአማርኛ አስጎብኚያችን ተገኝቷል። የተሳተፋችሁትን ሁሉ ከልብ እናመሰግናለን።» ከልብ ነው ያሉት!

የሺእመቤት፦ ማን ነው የተገኘው?

ሕዝቅኤል፦ ማን ይሆናል? ፈተናው ላይ አማርኛ የሚናገር እኔ ብቻ ነበርኩ።

የሺእመቤት፦ እኔም ነበርኩ።

ሕዝቅኤል፦ አንቺማ ጃኬቴን ይዘሽ ነበር።

የሺእመቤት፦ ስምህን ግን አልጻፉም።

ሕዝቅኤል፦ አሎራ፣ እንግዲህ ስሚ! ጣልያን ጨዋ ነው፤ ስም ጠርቶ ሌላውን አያሳፍርም። ምነው ፊትሽ? ደስ አላለሽም?

የሺእመቤት፦ ኧረ ደስ ብሎኛል። ሲኞራዬ በወሩ መጨረሻ አረጋውያን ቤት ልትገባ ነው። ኮንትራት ከሌለኝ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አይታደስ፣ ማደሪያም የለኝ፤ ይኼን ሳስብ ከርሜ ነው።

ሕዝቅኤል፦ አይዞሽ! መስታወት የሚወለውል ካስፈለጋቸው አስገባሻለሁ።

የሺእመቤት፦ እግዜር ይስጥህ። እስቲ እሁድ ሥራ ስትጀምር ለሰዉ የምትናገረውን አሰማኝ።

(ሕዝቅኤል ይኼን እስኪባል ነበር የሚጠብቀው። ጉሮሮውን ጠርጎ የተፈተነበትን ሥዕል ከስልኩ አወጣ።)

ሕዝቅኤል፦ ይህ ሰዓሊ የሳለው ራሱን ነው። ሲምቦሊስት ይባላል።

የሺእመቤት፦ የአባቱ ስም ነው?

ሕዝቅኤል፦ ኧረ በማርያም! ዓይኑ ያየውን ሳይሆን ውስጡ ያለውን በምልክት የሚስል ማለት ነው።

የሺእመቤት፦ ቀስ በል… ውስጡ ያለውን… በምልክት። መቼ ሳለው?

ሕዝቅኤል፦ በ1893።

የሺእመቤት፦ በኛ ነው በነሱ?

ሕዝቅኤል፦ በነሱ! በኛ ከፈለግሽ ሰባት ስምንት ቀንሺ።

የሺእመቤት፦ የያዘው አበባ ለምን ጠወለገ? ውኃ የሚያጠጣለት ሰው አልነበረም?

ሕዝቅኤል፦ አበባው ወጣትነቱ ነው፣ አንቺ ሴት! ከኋላው የተዘጋው በር ደግሞ ለማንም ያልነገረው ሐሳቡ።

የሺእመቤት፦ በሩ… ሐሳቡ። ቫ ቤኔ፣ እሺ። ታዲያ ለምን በአንድ ዓይን ብቻ?

ሕዝቅኤል፦ በጎን ስለዞረ ነዋ! ሌላው ዓይን ወዲያ በኩል አለ።

የሺእመቤት፦ እኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ማን ነው?

ሕዝቅኤል፦ ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ክፉ ክፉው። ጻድቃንማ በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያዩሻል።

የሺእመቤት፦ እንግዲህ ሰውዬው ራሱን ከነይሁዳ ጋር ቆጠረ። ምን እንደሠራ እንጃ፤ ግን ጸጽቶታል። ንስሐ እየገባ ነው የሳለው።

ሕዝቅኤል፦ (በሳቅ ፍርስ ብሎ) ጣልያን የኛን ግድግዳ የት አይቶ! ይኼን ሰው ፊት እንዳትናገሪ፤ መስታወቱንም አያስነኩሽም።

የሺእመቤት፦ ተናግሬዋለሁ እኮ።

ሕዝቅኤል፦ ለማን?

የሺእመቤት፦ ለሥዕል ቤቱ ዲሬክተር። አንተ አርባ ደቂቃ ተናግረህ ሽንት ቤት ስትገባ፣ «አንቺስ ምን ታያለሽ?» አለችኝ። በኩሽና ጣልያንኛዬ ነገርኳት።

ሕዝቅኤል፦ አዋረድሽን! ምን አለች?

የሺእመቤት፦ ሥዕሉን ትክ ብላ አየችና፣ «ሃያ ዓመት እዚህ ስሠራ ዓይኑን ቆጥሬ አላውቅም» አለች። ከዚያ የሲኞራን ቤት ስልክ ጠየቀችኝ።

ሕዝቅኤል፦ የሲኞራን ቤት ስልክ ምን ያደርግላታል?

የሺእመቤት፦ ትናንት ደወለች። (ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ) አሁን ፈርሜ መምጣቴ ነው።

(ሕዝቅኤል ኮንትራቱን አነበበ። የሷ ስም አለ። ገለበጠው። በጀርባውም የእሱ ስም የለም።)

ሕዝቅኤል፦ ታዲያ… እኔን ያመሰገኑኝ?

የሺእመቤት፦ ከልባቸው ነው።

ሕዝቅኤል፦ እና እያወቅሽ ነው እስካሁን የምታስለፈልፊኝ?

የሺእመቤት፦ ምን ላድርግ ጋሽ ሕዝቅኤል? እኔ ዓይኑን እንጂ ዓመተ ምሕረቱን አላውቅ! እሁድ ሰው ቢጠይቀኝስ? (ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች)

ሕዝቅኤል፦ ወዴት ነው?

የሺእመቤት፦ ሲኞራ ጋ! ሳይፈረም አላወራም ብዬ ደብቄያታለሁ። «አንቺን ሜዳ ላይ ጥዬ የትም አልገባም» ብላ ሻንጣዋን አላስነካም ብላለች። ዛሬ እንኳን ትተኛ!

ሕዝቅኤል፦ ቆይ እንጂ! እኔስ ምን ልሁን? ለቅዱስ እስጢፋኖስ ማኅበርተኞች በሙሉ ተቀጠርኩ ብያለሁ!

የሺእመቤት፦ (በሩ ላይ ሆና) ማስተማሩን አስተምረኸኝ የለ? «ተማሪዬ ተቀጠረች» በላቸው! ውይ፣ አውቶቡሱ!

(ሮጠች።)